የእናኑ እጅ

የወንድሜ ልጅ ዳዊት ባሕር ዳር ነው የሚሠራው። ሰሞኑን ሊጠይቀኝ ወደ ወረታ ሲመጣ እንደ ሌላው ሰው ሙዝና ዳቦ አልያዘም፤ ጥቁር ጥቁር ጠርሙስ የሞላበት ካርቶን ተሸክሞ ገባ። ቢራ ነው። ግን በየግሮሰሪው የምናየው ዓይነት አይደለም፤ ወጣቶች በየግቢያቸው በትንሽ በትንሹ የሚጠምቁት፣ ከተለመደው ቢራ ይልቅ ኃይለኛ የሆነ ነው አለኝ። ስልኩን በስኳር ጣሳዬ ላይ አስደግፎ ከፊቱ ተቀመጠና አንዱን ከፍቶ ቀዳ። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየው፣ አሸተተው፣ ጎንጨት አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ለስልኩ ያወራ ጀመር፤ አረፋው እንዲህ ነው፣ ሽታው እንዲያ ነው፣ ከአሥር ይህን ያህል ሰጥቼዋለሁ ይላል። ይህን ተቀምጠው የሚያዩ ሰዎች አሉ አሉ። ሌላ ሰው ሲጠጣ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው ምን ያህል ሥራ ቢፈታ ነው ብዬ ገረመኝ፤ እንግዳዬ ነውና አፌን ያዝኩ።

«አክስቴ፣ አንቺም ቅመሺና ነጥብ ስጪ» አለኝ።

«እኔ ነጥብ ምን አውቃለሁ? እኔ የማውቀው የማን እጅ እንደሆነ ነው።»

«እስቲ የማን እጅ ነው?»

የመጀመሪያውን ቀመስኩ። «ይህን የሠራው ሰው ቸኩሏል» አልኩት። ሳቀብኝ። ሁለተኛው ስኳር ስኳር ይላል፤ ሰውን ለማስደሰት የሚጨነቅ ልጅ የሠራው ነው። ቀጥሎ የቀዳልኝ ግን ጠቆር ያለ ነበር፤ ገና ወደ አፌ ሳስጠጋው ጭስ ሸተተኝ። ከጭሱ ሥር እስኪጠቁር የተቆላ እህል አለ። ምሬቱ መጀመሪያ ላይ የለም፤ ከዋጥኩት በኋላ ቆይቶ ከጉሮሮዬ ሥር ወጣ፤ ከምሬቱም በኋላ ትንሽ ጣፈጠኝ። የክንዴ ጸጉር ቆመ። ብርጭቆውን አስቀምጬ ወደ በሩ ዞር አልኩ። ለምን እንደዞርኩ አላውቅም፤ በር ላይ ማንም አልነበረም።

ዳዊት «ምነው አክስቴ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። ያንን ጣዕም መጀመሪያ ያወቅሁት ግን ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ነበር፤ ዳግመኛ የቀመስኩትም የጠመቀችው ልጅ ሞታለች ተብሎ ከተለቀሰላት በኋላ ነው።

እናቴ እዚሁ ወረታ ጠላ ትሸጥ ነበር። ያደግሁት በጋን መሐል ነው ብል አላጋነንኩም። እኩዮቼ ፊደል ሲለዩ እኔ የጠላ እጅ ለየሁ። ጌሾው ከአንድ ገበያ ቢገዛ፣ ውሃው ከአንድ ጉድጓድ ቢቀዳ የሁለት ሴት ጠላ አንድ አይሆንም። አንዷ አሻሮዋን ሳይበስል ታወርዳለች፣ አንዷ ጋኗን በቅጡ አታጥንም፣ አንዷ እስኪፈላ ድረስ ትዕግሥት የላትም። እጅ የምንለው ይህንን ነው። ሠፈር ውስጥ ድግስ ሲኖር ጎረቤቱ ሁሉ አንዳንድ ጋን ይጠምቅና ከድግሱ በፊት ሴቶቹ ተሰብስበው እየከፈቱ ይቀምሳሉ። የትኛው ለካህናት እንደሚቀርብ፣ የትኛው ለዘመድ፣ የትኛው ደግሞ ሰው ሞቅ ካለው በኋላ ማንም ሳያስተውለው እንደሚወጣ የሚወሰነው ያን ዕለት ነው። ያቺ ቅምሻ ምሕረት የላትም። ጠላዋ መጨረሻ ይውጣ ስለተባለ ጎረቤቶቿን አንድ ክረምት ሙሉ ያኮረፈች ሴት አውቃለሁ፤ እናቴ ናት።

እኔን ዓይኔን በነጠላ ያስሩና ያቀምሱኛል። «ይህ የማን ነው?» ሲሉኝ ስም እጠራለሁ። ተሳስቼ አላውቅም፤ ጉራ አይደለም፣ ሌላ ነገር ስለማልችል ነው። ወጥ እንኳ ሠርቼ የጣፈጠልኝ ካገባሁ በኋላ ነው።

ከሁሉም ቶሎ የምለየው የእናኑን ነበር። እናኑ አጥር የምንጋራቸው የእማማ ደብሬ ልጅ ናት፤ አብረን ነው ያደግነው። በእኛ አገር ሩዝ መዘራት ከጀመረ ወዲህ ጠላ ውስጥም መግባቱ አልቀረም፤ ሰው ሩዝ የሚጨምረው ግን እህል ለመቆጠብ ነው። እናኑ ለጣዕሙ ብላ ነበር የምትጨምረው። ሩዙን ቡና እስኪመስል ትቆላዋለች፤ ጋኑን በጥንጁት ታጥነውና ሲቀዘቅዝ መልሳ ታጥነዋለች። ጌሾ ላይ ደግሞ እጇ አይሰበሰብም። ጠላዋ ገብቶ ዝም ይልና ሰውየው ሊነሣ ሲል ጉልበቱን ይይዘዋል። ጎበዝ ነኝ ባይ ሁሉ እነርሱ ቤት ደጃፍ ላይ አጥር ተደግፎ ሲያስብ ይታይ ነበር።

እናቷ ግን አንድም ቀን አመስግነዋት አያውቁም። እማማ ደብሬ ከሠፈሩ ቀማሾች ሁሉ አስቸጋሪዋ ነበሩ። ጣሳውን ያነሣሉ፣ አንዴ ይጎነጫሉ፣ ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፤ ከዚያ «ጌሾው በዝቷል» ይላሉ። ሁልጊዜ ይህንኑ ነው። እናኑ ትስቅባቸዋለች። «እማዬ፣ አንድ ቀን ደህና ነው ብትዪኝ ጋኑን እሰብረዋለሁ» ትላቸዋለች። እርሳቸውም «እንግዲያው ጋንሽ ዕድሜ አለው» ይሏት ነበር።

እናኑን ቁሐር ሚካኤል ላለ አንድ ባለ ከብት ዳሯት። ሰውየው ሩዙም ላሙም የተረፈው ነው፤ እጁ ግን ክፉ ነበር። ገና ዓመት ሳይሞላት ወደ እናቷ ቤት መጣች። ሽማግሌዎች ተቀምጠው መለሷት። ሁለተኛ የመጣች ጊዜ ሰኔ ነበር፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሮ፣ አንድ እጇን ማንሣት አቅቷት ነው የመጣችው። እማማ ደብሬ ሽማግሌዎቹ እግር ላይ ወድቀው «ተዉልኝ፣ እኔው ዘንድ ትኑር» ብለው ለመኑ። ባልየው ዳግመኛ አልነካትም ብሎ ማለ፤ ሽማግሌዎቹም ባል የማለበትን እንዴት እናፈርሳለን ብለው መልሰው ሰጡት። ያን ዕለት ስትወጣ አጥራችን ጋ ቆማ አየችኝ። «እንግዲህ ሦስተኛ አልመጣም» አለችኝ። አላለቀሰችም፤ እኔ ነበርኩ ያለቀስኩት።

ክረምቱ ሲብስ ፎገራ ሜዳ መሆኑ ይቀርና ሐይቅ ይሆናል። ጣና ራሱ ተነሥቶ ወደ ሰው ደጅ የመጣ ይመስላል። አንድ ማለዳ እናኑ ውሃ ልቅዳ ብላ ወጥታ ቀረች። ነጠላዋን ደንገል ላይ ተጠልፎ አገኙት፤ እንስራዋ ደግሞ ከዚያ ራቅ ብሎ ሳይሰበር ተንሳፍፎ ነበር። በታንኳ ፈለጓት፤ በእንጨት ወጋግተው ፈለጓት። ጎርፍ የወሰደው ሰው አንዳንዴ አይገኝም። ለቅሶው ያለ አስከሬን ተለቀሰ፤ ፍትሐቱም በስሟ ብቻ ተደረገ።

እማማ ደብሬ ግን በየማለዳው ውሃው ዳር እየሄዱ ይቆሙ ነበር፤ ብቻቸውን እንዳይሆኑ እናቴ እኔን ትልከኛለች። ያንን ማለዳ ዛሬም ሳስበው ይበርደኛል። ውሃው አይንቀሳቀስም። ሰማዩም ውሃውም አንድ ዓይነት ግራጫ ስለሆነ የቱ የት እንደሚያልቅ አይታይም። ከውሃው በላይ የአጥር ጫፍ ይታያል፤ ቤቱ ግን የለም። ከጭጋጉ ውስጥ ላም ትጮኻለች፤ ወደ ድምፁ ብትመለከቱ ላም የምትቆምበት መሬት የለም። አንድ ቀን እማማ ደብሬ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «እናኑ» ብለው ተጣሩ። አብራን የነበረች አንዲት አሮጊት ክንዳቸውን ይዛ «ተዪ። ውሃ የወሰደውን ሰው በስሙ አይጠሩትም፤ የሚመልስልሽ ሌላ ነው» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ አልተጣሩም። ሜዳው ላይ ግን ለረጅም ጊዜ ሁላችንም ጆሯችንን ሰጥተን ቆምን።

አርባዋ ሲቃረብ ለተዝካሩ ጌሾ አነሰ። እናቴ አንበሳሜ ገበያ ሄጄ እንድገዛ ላከችኝ። እስከ ሐሙሲት በአውቶቡስ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ላይ ሆኜ ደረስኩ። ዝናቡ ሊያልቅ አካባቢ ስለሆነ ጭጋጉ ኮረብታውን ሸፍኖት ነበር፤ ገበያተኛው ከነጭስ ከነበጉ ከጭጋጉ ውስጥ ድንገት ብቅ ይልና መልሶ ይጠፋል። ጌሾዬን ገዝቼ ብርዱ ሲጠናብኝ በር ላይ እንጨት ተተክሎ ጣሳ የተደፋበት አንድ ጠላ ቤት ገባሁ። ባለቤቲቱ ሸምገል ያሉ፣ ጥቁር የለበሱ ሴት ናቸው። ሁለት ሦስት ገበያተኞች ግድግዳውን ተደግፈው ይጠጣሉ። ከጓዳው በር ላይ መጋረጃ ተንጠልጥሏል፤ ከመጋረጃው ኋላ ጌሾ ይወቀጣል።

ጠላው ቀረበልኝ። አንዴ ጎነጨሁ።

ጭሱ ነው ቀድሞ የመጣው፤ ሁለት ጊዜ የታጠነ ጋን ጭስ። ከዚያ የጠቆረ ሩዝ፤ ያኔ አንበሳሜ ላይ ጠላ ውስጥ ሩዝ የሚጨምር ሰው አልነበረም። ከዚያ ከጉሮሮ ሥር የሚወጣው ምሬት፣ ከምሬቱ በኋላ ያቺ ትንሽ ጣፋጭነት። ዓይኔ ባይታሰርም ታስሮ እንደነበረው ጊዜ ስሟ አፌ ላይ መጣ። ለቅሶዋ ላይ ደረቴን የደቃሁላት ልጅ ስም ነው። ጠላውን ቀሚሴ ላይ አፈሰስኩት።

«እማማ፣ ይህን የጠመቀው ማነው?» አልኳቸው።

«ምነው፣ ከፋሽ?»

«አልከፋኝም። ሩዝ አለበት ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ ከጓዳው የሚሰማው የሙቀጫ ድምፅ ቆመ።

ሴትዮዋ ወደ መጋረጃው አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንዲት ልጅ ናት። ክረምቱ ውስጥ መጣች፤ ከየት ነሽ አላልኳትም፣ አልነገረችኝምም። ሥራዋ ንጹሕ ነው። እንግዳ ፊት ግን አትወጣም።»

ስሟን ልጥራ ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ አልቻልኩም። የአሮጊቷ ነገር ትዝ አለኝ። ብጠራና ብትመልስልኝ እፈራለሁ፤ ብጠራና ባትመልስልኝም እፈራለሁ። ሌላም ነገር አለ፤ ግድግዳውን ተደግፈው ከሚጠጡት አንዱ የፎገራ ሰው ቢሆንስ? ስሟ እዚህ ቤት ከተጠራ ወሬው በማግስቱ ቁሐር ይደርሳል። በሕይወት ካለች ባሏ ይመጣል፣ ሽማግሌዎቹም ይቀመጣሉ፣ ሦስተኛም ይመልሷታል። ስለዚህ «ጥቂት በጀሪካን ይሙሉልኝ» ብቻ አልኩ። ትንሿን ጀሪካን በመጋረጃው ሥር ሰጧት። ቆይቶ የሞላችው ጀሪካን በመጋረጃው ሥር ወጣች፤ ከያዛት እጅ ጋር። እጁ እስከ ክርኑ እርጥብ ነው፤ ጣቶቹ ውሃ ውስጥ እንደቆየ ነገር ነጣ ብለው ተጨማድደዋል። የጠማቂ ሁሉ እጅ እንዲያ ነው፤ የእናቴም እንዲያ ነው። ግን እናኑ ጠፋች የተባለችው ውሃ ውስጥ ነውና እጁን ሳይ ወደ ኋላዬ ሸሸሁ። እጁ ጀሪካኗን አስቀምጦ ተመለሰ። የማን እንደሆነ በዓይኔ ልለየው አልቻልኩም።

አውቶቡሱ ውስጥ ጀሪካኗን ጭኔ ላይ አቀፍኳት። ጠላው ገና እየፈላ ስለነበር ክዳኑ ሥር ሲስ ይላል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ሲስ ይላል። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩና «ልጄ፣ የያዝሽው ነገር ይተነፍሳል» አሉኝ። ክዳኑን ላላ አደረግሁት። ሽታው አውቶቡሱን ሞላው። ጉማራ ድልድይ ላይ ስንደርስ ውሃውን ላለማየት ዓይኔን ጨፈንኩ።

በማግስቱ የተዝካሩ ቅምሻ ነበር። እማማ ደብሬ ግቢ ውስጥ ጋኖቹ ተደርድረዋል፤ ሴቶቹ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። የባልየውም እህት ከቁሐር አንድ ጋን በአህያ አስጭና መጥታ ከእማማ ደብሬ አጠገብ ተቀምጣለች። እርስዋ ከእናኑ ጋር በአንድ ግቢ ነበር የምትኖረው፤ የእናኑን ጠላ እኔ ያህል ታውቀዋለች። ይህ ትዝ ያለኝ ጠላውን ቀድቼ ጣሳውን ለእማማ ደብሬ ካቀበልኳቸው በኋላ ነው። እንዲህ ያለች ጅል ነበርኩ።

«ይህንንም ይቅመሱልኝ» አልኳቸው።

እማማ ደብሬ ጣሳውን አንሥተው ጎነጩ። ከንፈራቸውን ሊጠርጉ ነጠላቸውን ያዙ፤ እጃቸው ግን መንገድ ላይ ቀረ። እንደገና ጎነጩ። ወደ በሩ ተመለከቱ፤ እኔም ሳላውቀው ወደ በሩ ተመለከትኩ። በሩ ላይ ዶሮ እንኳ አልነበረም።

የባልየው እህት «የማን ነው? እስቲ እኔም ልቅመሰው» ብላ እጇን ዘረጋች።

እማማ ደብሬ ጣሳውን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ልጃቸው ከጠፋች ጀምሮ ከውሃ በቀር መጠጥ አፋቸው ያልገባ ሴት ጠላውን ሳያቋርጡ እስከ አተላው ጠጡት። ጣሳውን መሬት ላይ ደፉት። «ገበያ የተገዛ ነው። ለእንግዳ አይሆንም፤ ሌላ ክፈቱ» አሉ። ጀሪካኗን ራሳቸው አንሥተው ወደ ቤት አስገቧት።

አወቁ ብዬ ነበር። ግን በተዝካሩ ዕለት ያለቀሱት ልቅሶ እውነተኛ ነበር፤ እናት ናቸው፣ ሲያለቅሱ ያየ ሰው ሁሉ አለቀሰ። ቄሱ የእናኑን የክርስትና ስም ከሙታን ጋር ሲጠሩት ጀርባዬን ሰው የነካኝ መሰለኝ። ጠላ ሲቀርብ ሁሉም ጣሳውን አንሥቶ «ነፍስ ይማር» አለ። ባልየውም አለ፤ ድምፁ ከሁሉ በላይ ይሰማ ነበር። እኔም አልኩ፤ እንዳይታወቅብኝ ብዬ። በሕይወት ላለ ሰው ነፍስ ይማር ብሎ መጠጣት ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ያላደረገው አያውቀውም።  ምናልባት ያበድኩት እኔ ነኝ፣ ምናልባት አንዲት ሌላ ሴት ሩዝ ቆልታ ይሆናል እያልኩ ራሴን ስሞግት ዋልኩ።

እንግዳው ተበትኖ ጋን ስናጥብ እማማ ደብሬ አጠገቤ መጥተው አጎነበሱ። ወደ እኔ አላዩም። የጋኑን አፍ በግራዋ ቅጠል እያሹ፣ «ጌሾው በዝቷል» አሉ። ያጠቡበትን ውሃ ደፍተው «ንገሪያት» አሉኝ።

 የልጃቸውን ተዝካር አውጥተው ልጃቸውን ከሽማግሌዎች እጅ እንዳወጧት ያን ጊዜ ገባኝ።

አደይ ሜዳውን ሲያለብሰው፣ ውሃውም ሲሸሽ አንበሳሜ ተመልሼ ሄድኩ። መጋረጃው እንደነበረ ነው። አንድ ጣሳ ጠጣሁና ለባለቤቲቱ፣ ግን ከመጋረጃው ኋላ እንዲሰማ አድርጌ፣ «እማማ፣ ያለፈውን ጠላ አንዲት እናት ቀምሰውት ነበር። ጌሾው በዝቷል ብለዋል» አልኩ። የሙቀጫው ድምፅ ቆመ። ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ዛሬም አላውቅም። ለሚቀጥለው ገበያ ስሄድ ጠላው ሌላ ነበር፤ ጭሱም ሩዙም አለ፣ ጌሾው ግን ቀንሷል። ይህን እንግዲህ የሞተ ሰው አያደርገውም ብዬ ጀሪካኗን ሞልቼ ለእማማ ደብሬ ወሰድኩላቸው።

ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ፀሐዩ ደጃፋቸው ላይ ነው። አንዴ ጎነጩ። ከንፈራቸውን ጠረጉ።  ከዚያ «ደህና ነው» አሉ። ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ደንግጬ ቀና ስል ዓይናቸው ሞልቶ አየሁ፤ ፊታቸው ግን እንደሚስቅ ሰው ነው። ጋኑ ትዝ ብሏቸዋል።

ቃሉን ይዤ ሄድኩ። ጠላ ቤቱ ያን ቀን ሰው አልነበረበትም። ባለቤቲቱ ጣሳ ሲያጥቡ ደጃፉ ላይ ቆሜ «ደህና ነው ብለዋል» አልኩ።

ከመጋረጃው ኋላ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ጋን ተሰበረ።

ባለቤቲቱ ጮኸው ወደ ጓዳ ሮጡ። ጠላው በመጋረጃው ሥር ፈሶ ወለሉን አለፈና እግሬ ድረስ መጣ። ጫማዬ ውስጥ ሲገባ ሙቀቱ ተሰማኝ፤ ገና ሲፈላ ነበር። መጋረጃውን ልግለጠው እችል ነበር፤ ሁለት እርምጃ አይሆንም። አልገለጥኩትም። ፊቷን ያላየ ሰው ቢጠየቅ አላየኋትም ብሎ መማል ይችላል፤ ያንን ነበር ያሰብኩት። ትንሽ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ አሁንም ፈርቼ ነበር።

በሚቀጥለው ገበያ ስሄድ ሄዳለች አሉኝ። ወዴት እንደሆነ አልተናገረችም። ለእማማ ደብሬ ጋኑ መሰበሩን ስነግራቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ሰው ፊት ጥቁራቸውን አላወለቁም።

ይኸው ስንት ዘመን አለፈ። እማማ ደብሬም አረፉ፣ ባልየውም አረፈ፤ እነዚያ ሽማግሌዎችም የሉም። የሚመልሳት ሰው የለም። ይህን ግን ማን ይንገራት? እኔ የማውቃት በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ያም መንገድ ከተዘጋ ቆይቷል። ገበያ ሄጄ ያላወቅሁት ጠላ ቤት ሳይ ሳልቀምስ አላልፍም፤ ሰዎች መጠጥ የምወድ ይመስላቸዋል። ይበሉኝ።

ዳዊት ስልኩን ወደ እኔ አዙሮ «እሺ፣ ከአሥር ስንት?» አለኝ። የጠቆረውን ቢራ አንዴ ደግሜ ቀመስኩ። የሠራው ባሕር ዳር ያለ ጎረምሳ ነው፤ አውቃለሁ፤ ማን እንዳስተማረው ግን አላውቅም። ስልኩን ትክ ብዬ አየሁትና «ጌሾው በዝቷል» አልኩ።

«አክስቴ፣ ቢራ ውስጥ እኮ ጌሾ የለም።»

«አውቃለሁ። የወረታዋ፣ የእማማ ደብሬ ጎረቤት እንዲህ አለች ብለህ እንዳለ ልቀቀው።»

ለቀቀው። ሰው ሁሉ ሳቀብሽ አለኝ፤ ይሳቅ። ከዚያ ወዲህ በደወለ ቁጥር ሰዎች ከሥሩ የጻፉትን እንዲያነብልኝ አደርገዋለሁ። ትናንት ደውሎ ብዙውን ካነበበልኝ በኋላ፣ «አንድ ስምም ፎቶም የሌለው ሰው ደግሞ ‹እማዬም ሁልጊዜ እንዲህ ትለኝ ነበር› ብሏል» አለኝ። ይህን የሚል ሰው ብዙ ሊሆን ይችላል፤ እናቶች ሁሉ አንድ ናቸው። ቢሆንም በርጩማዬን ስቤ ተቀመጥኩ።

«ደህና ነው ብለህ መልስ» አልኩት።

«ምኑ ነው ደህና?»

«አንተ ብቻ መልስ።»

ሲጽፍ ይሰማኛል። ላክሁት አለኝ። ጋን ሲሰበር የምሰማ ይመስል ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ።